የፈተና ዋዜማ ከረሜላ

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች ዬሪን።

ኦክጁ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለውን ሳጥን ገና ወደ ልጅቷ መግፋቷ ነበር። ሳጥኑ ከውኃው ብርጭቆና ከድምፅ መቅጃው አጠገብ ቀረ። እጇን ቶሎ አላነሳችም።

“ከረሜላ ነው፤ የሩዝ። ያው… ለነገ ብዬ።”

ዬሪን አልነካችውም። በፈተና ዋዜማ ጥርስ ላይ ሙጭጭ የሚል ከረሜላ ለምን እንደሚሰጥ ታውቃለች፤ ያጠናሽው እንዲሁ ተጣብቆብሽ ይቅር፣ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ አጥብቆ ይያዝሽ ማለት ነው። ካቻምናና አምና አክስቶቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ እናቷ የምትነግድበት የዓሣ ገበያ ሴቶች የሰጧት ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደተቀመጠ ለኦክጁ የነገረቻት ራሷ ነበረች። “ቤታችን ሌባ ቢገባ በከረሜላ ነው የምንፈነክተው” ብላ ሁለቱም ስቀው ነበር።

አሁን አልሳቀችም።

“እርስዎም?” አለች።

ኦክጁ እጇን ከሳጥኑ አነሳች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ሲታመም የሞክፖ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሥራዋን ለቀቀች፤ ባሏ ከሞተ በኋላ ደግሞ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ባለ ማእከል የወጣቶች የሕይወት አሰልጣኝነት ለመማር ተመዘገበች። ጓደኞቿ “ቤት ውስጥ የሚጠይቃት ሰው ስላጣች ጥያቄ ልትማር ሄደች” ይላሉ። እሷ ይህን አታስተባብልም፤ እውነት ነውም አትልም። የቀራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ለልምምድ ከተመደበችላት ወጣት ጋር የመጨረሻውን ውይይት ቀድቶ ነገ በገምጋሚዎች ፊት ማቅረብ። የተመደበችላት ዬሪን ናት፤ ሃያ ዓመቷ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ የምትፈተን።

የማእከሉ ሕግ ግልጽ ነው። አሰልጣኝ አይመክርም፣ አያሞግስም፣ ስጦታ አይሰጥም። ይጠይቃል፣ ይሰማል። ወጣቱን ዝቅ አድርጎ ላለማየት ደግሞ “እርስዎ” ይለዋል። በመጀመሪያው ቀን ዬሪን በዚህ ስትስቅ ወንበሯ ተንቀጥቅጦ ነበር። “እርስዎ ሲሉኝ ከኋላዬ ማን ትልቅ ሰው ቆሟል ብዬ ዞሬ አያለሁ” ብላ።

“እርስዎ እንኳ ከእኔ ምንም አይፈልጉም ብዬ ነበር” አለች አሁን፣ ዓይኗን ከሳጥኑ ሳትነቅል። “በዚህ ከተማ ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንድ እርስዎ። እዚህ ስመጣ ደረጃውን ስወጣ ትከሻዬ ይቀለኝ ነበር። አይገርምዎትም? ሰው ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል እንጂ።”

“ዬሪን…”

“ዛሬ የመጣሁት ልነግርዎት ነበር። ነገ አልገባም። እስከ ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ፣ ግን አልገባም።”

የኦክጁ አንደበት ከእሷ ቀድሞ የተማረውን አወጣ።

“ይህን ውሳኔ ሲያስቡት ምን ይሰማዎታል?”

ዬሪን ቀና ብላ አየቻት። ከንፈሯ የሳቀ መሰለ፣ ቀጥሎ ግን ፊቷ ተሰበሰበ።

“ብርድ” አለች። “የሚሰማኝ ብርድ ነው።”

እንባዋ መጣ። የመሐረብ ወረቀቱ ሳጥን ኦክጁ ክንድ አጠገብ ነበር። እጇ ወደዚያ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። ለሚያለቅስ ሰው መሐረብ ማቀበል “በቃ አታልቅስ” ማለት ነው ተብላ ተምራለች፤ እስኪወጣለት መጠበቅ ነው። ጠበቀች። ልጅቷ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች።

“ለእማዬ አይነግሯትም አይደል?”

“በመካከላችን የተነገረ በመካከላችን ይቀራል።”

“እሱንም ከወረቀት የሚያነቡት ነው የሚመስለው” አለች ዬሪን፤ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከረሜላው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ኦክጁ መቅጃውን ማጥፋት ትዝ ያላት የደረጃው ኮቴ ከጠፋ በኋላ ነው። ማእከሉ ውስጥ ወደሚያስተምራት መምህር ናም ስልክ ደወለች። መምህሩ ገና ሠላሳዎቹን ያላጋመሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነው።

“መምህር፣ ስጦታ ሰጠሁ።”

“ስጦታውን ሲሰጡ የማን ፍላጎት ነበር የተሟላው?”

“የእኔ።”

“ጥሩ ግንዛቤ ነው።”

“ግንዛቤውን ይተዉትና ልጅቷን ምን ላድርጋት? ነገ አልፈተንም ብላኝ ሄደች።”

“ምን ማድረግ እችላለሁ ብለው ያስባሉ?”

“መምህር፣ እኔ እኮ ደንበኛዎ አይደለሁም! ምክር ነው የጠየቅኩት።”

በስልኩ ውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። “ራሷን የሚጎዳ ነገር ተናግራለች?”

“አልተናገረችም። በርዶኛል ነው ያለችው።”

“እንግዲያው ለእናትየው መንገር አንችልም። ልጅቷ አዋቂ ናት።” ከዚያ ድምፁ ያ የለመደችው ልስላሴ ጠፋበት። “እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት? እኔም አላውቅም። ነገ አራት ሰዓት ላይ ገምጋሚዎቹ ይመጣሉ፤ እንዳይቀሩ ብቻ። እስከዛሬ የለፉበት ነው።”

ቤቷ ገብታ ለዬሪን ሁለት ጊዜ ደወለች፤ አልተነሳም። መልእክት ጻፈች፤ አልተመለሰም። ቅጂውን ከፍታ ሰማችው። “ምን ይሰማዎታል?” የሚለው የራሷ ድምፅ የባንክ ስልክ እንደምትመልስ ሴት ድምፅ ነበር። ዘጋችው።

የከረሜላውን ሳጥን የጫማ መደርደሪያው ላይ፣ ከባሏ የክረምት ጫማ አጠገብ አስቀመጠችው። እሷና ባሏ ልጅ አልነበራቸውም፤ እንዲህ ያለ ከረሜላ ለማንም ገዝታ አታውቅም። ሱቁ ውስጥ ሻጯ “ለልጅዎ ነው?” ብላ ስትጠይቃት “አዎ” ብላ ነበር። ያን ጊዜ ውሸት አልመሰላትም።

በማግስቱ ጠዋት ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። በፈተናው ቀን መሥሪያ ቤቶች ዘግይተው ስለሚከፈቱ መንገዱ ጭር ብሏል። ዬሪን የተመደበችበት ትምህርት ቤት በር ላይ ግን ሰው ተሰብስቧል። የታች ክፍል ተማሪዎች ከበሮ እየመቱ ለታላላቆቻቸው ይዘፍናሉ። አንዲት ሴትዮ ከረሜላ ብረቱ በር ላይ ስትለጥፍ ጥበቃው “ኧረ እሜቴ፣ ነገ የምፍቀው እኮ እኔ ነኝ!” ይላታል። “የእኔ ልጅ ሕክምና ትግባ እንጂ መጥቼ እፍቅልሃለሁ” አለችው፤ በዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። የፖሊስ ሞተር ያረፈደ ልጅ አምጥቶ አወረደ፤ ልጁ አንድ እግሩን ጫማ ሳያስር ሮጠ።

ኦክጁ የሚገቡትን ፊት አንድ በአንድ ታይ ነበር። ኮፍያ ያደረጉት በዙ፤ አንገታቸውን በሻርፕ የሸፈኑትም በዙ። አንዷ ዬሪን መሰለቻት፤ ዞር ስትል ሌላ ሆነች። ምናልባት አልፋ ገብታ ይሆናል አለች ለራሷ። ሌሊቱ ሐሳቧን ቀይሮት ይሆናል።

ሁለት ሰዓት ሲያልፍ በሩ ተዘጋ። ከበሮውም ቆመ።

“መምህርት! እርስዎ ነዎት?”

የዬሪን እናት ነበረች። አንድ ጊዜ ማእከሉ ውስጥ ተያይተዋል። በገበያ የምትለብሰውን የጥጥ ሰደርያ ለብሳለች፣ ጓንቷ የደረቀ ዓሣ ይሸታል፣ በአንድ እጇ መቁጠሪያ ይዛለች።

“ለእኔ ልጅ ብለው በዚህ ብርድ? እግዜር ይስጥልኝ! ምን ዓይነት ሰው ነዎት!” የኦክጁን ሁለት እጆች ይዛ ጎንበስ አለች።

“ሲገቡ… ስትገባ አይተዋታል?” አለች ኦክጁ። ምላሷ ተሳሰረ።

“የት ታስጠጋኛለች! ‘አንቺ ካለሽ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጥግ ላይ ጣይኝና ሂጂ’ አለችኝ። እሺ ብዬ ከዛፉ ኋላ ተደበቅኩ። ሌባ ነው የምመስለው። ከዚያ ሰዉ በዛብኝና ጠፋችኝ፤ ገብታለች።” ሳቀች፤ ከዚያ መቁጠሪያዋን አንድ ፍሬ አለፈች። “የምትወደውን የእንቁላል ጥቅልል ነው የቋጠርኩላት። ሩዙን በደንብ አለስልሼ፤ ሆዷን እንዳይከብዳት። ስድስት ሰዓት ላይ ትከፍተዋለች። ያን ጊዜ እኔም እበላለሁ ብዬ እስካሁን አልቀመስኩም።”

ኦክጁ ራሷን ነቀነቀች።

“እርስዎን ካገኘች ወዲህ ቤት ውስጥ ሳቅ ጀምራለች እኮ። ትናንት ምን አለችዎት? ፈርታ ነበር?”

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ሴትዮዋ ፊት ላይ ክፋት የለም። ኦክጁ ያላትን ሁሉ በልቧ አገላበጠች። የምትናገረው የልጅቷን ምስጢር ያፈርሳል፤ የማትናገረው ይህችን ሴት ባዶ በር እያየች እንድትጸልይ ይተዋታል። ከሁለቱ መሃል የምትይዘው አንድ እውነት ብቻ ነበራት።

“በርዶኛል ብላኝ ነበር።”

“ያውልዎት! ወፍራሙን ካልሲ አድርጊ ስላት! ጆሮ የላትም።” እናትየው በሩን እያየች ከንፈሯን በሐዘኔታ መጠጠች።

የተሰበሰበው ሰው ጥቂት በጥቂት ተበተነ፤ ወደ ቤተ መቅደስ የሚሄደው ሄደ፣ ወደ ሥራው የሚሄደውም ሄደ። እናትየው ከቦርሳዋ የተጣጠፈ ምንጣፍ አውጥታ አጥሩ ሥር ዘረጋች። “ማታ እስክትወጣ ከዚህ አልነቃነቅም። አምና ለገበያው ብዬ ሄጄ ነው የወደቀችው” አለች። በእውነት ያመነችበት ነገር ነበር፤ ኦክጁ ደግሞ “አይደለም” የምትልበት ጉልበት አልነበራትም።

የተዘጋ በር ፊት መቆም ታውቃለች። ባሏ በተኛበት ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ እንዲህ ያለ በር ነበር። እዚያም ሰው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል እንጂ የሚያደርገው የለም። ከዚያ አልፋ ላለማሰብ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች።

ወደ ማእከሉ የሚወስዳት አውቶቡስ ከታች ብቅ አለ። ቅጂው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። አሁን ብትሳፈር ትደርሳለች። እግሯን አነሳች፤ በዚያው ቅጽበት ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

ዬሪን ነበረች።

“እማዬ በሩ ላይ አለች? ምሳውን አሁን በላሁት።”

ኦክጁ ቆማ ደጋግማ አነበበችው። ፈተና ክፍል ስልክ አይገባም። ልጅቷ እንግዲህ ውጭ ናት፤ አንድ ቦታ፣ ምናልባት ወደቡ ላይ፣ ምናልባት አውቶቡስ መጠበቂያ፣ ባዶ የምሳ ዕቃ ጭኗ ላይ አስቀምጣ። ደስታ ይሁን ሌላ ነገር መለየት አልቻለችም። በልታለች። አልገባችም።

አውቶቡሱ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ጠበቀ፣ ተዘጋ፤ ሄደ።

“ከቤት ነው?” አለቻት እናትየው ከምንጣፉ ላይ።

“አዎ” አለች ኦክጁ።

ጣቷ ስልኩ ላይ የተማረውን ጻፈ፦ “አሁን ምን ያስፈልግዎታል?” አየችው። ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ አጠፋችው። “የት ነሽ?” ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። “ነይ” ልትል ፈለገች፤ ግን ወደ የት? ለምን? ይህን ማእከሉ አላስተማራትም።

“መምህርት፣ ይቀመጡ እንጂ! እግርዎ ይደርቃል” አለች የዬሪን እናት፤ ምንጣፉ ላይ ፈቀቅ ብላ ግማሹን ለቀቀችላት።

ኦክጁ እንደቆመች ጻፈች፦

“አለች። ቁርስ አልበላችም። እኔም አጠገቧ ነኝ፤ እስክትመጪ አብሬያት እቀመጣለሁ።”

ላከችው፤ ስልኩን ኪሷ ከተተች፤ ተቀመጠች።