ስሙ መምታት ነው

ፒኳ፣ የጊታር መምቻዋ፣ ከጣቶቹ መሀል ሾልካ ምንጣፉ ላይ ወደቀች። ዘፈኑ ያለ ቤዝ ሁለት መስመር ሄዶ ቆመ።

“ይቅርታ” አለ ምሰሶ። ሊያነሣት ጎንበስ ሲል የቀኝ አውራ ጣቱ አልታጠፍ አለው። በግራ እጁ አነሣት።

ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ የቡድኑ መሪ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ስብሰባ ስለሚወድ ሊቀመንበር ይሉታል። ከጎኑ ያለችው ወጣት የድምፅ ባለሙያ ቀረጻውን አቁማ ጠበቀች።

“ስንተኛው ነው?” አለ ሊቀመንበር።

“ሰባተኛው” አለች።

“ሰባት ጊዜ ለግድግዳ ብንዘፍንለት ግድግዳውም ያጠናው ነበር።”

ከበሮ መቺው ሳቀ። ምሰሶ አልሳቀም።

ሃያ ስድስት ዓመት ቤዝ ጊታር ተጫውቷል። ምሰሶ የሚለው ስም የወጣለት መድረክ ላይ ስለማይነቃነቅ ነው። ሌሎቹ ይዘላሉ፣ ይዞራሉ፤ እሱ እንደተተከለ ያመሻል። ሁልጊዜም የሚጫወተው በጣቱ ነበር። ለዚህ አልበም ግን ሊቀመንበር ሰላ ያለ ድምፅ ፈለገ። ክሩ በጣት መነካቱ ቀርቶ በፒክ ይመታ አለ፤ በዚያች ጥፍር በምታህል ፕላስቲክ። አምስት ዘፈን እንደዚያ ቀረጹ። ስድስተኛው ፈጣን ነው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ከአውራ ጣቱ ሥር የሚነሣ ሕመም እስከ ክርኑ ይወጣል። ዛሬ ጠዋት የጥርስ ሳሙና ክዳን መክፈት አቅቶት ነበር። ሴት ልጁ ከእጁ ወስዳ ከፈተችለትና ምንም ሳትናገር ሄደች። አለመናገሯ ነበር የከበደው።

ሊቀመንበር ወደ ውስጥ ገባ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

“እጅህ ነው አይደል?”

“ይተወኛል።”

“እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቅሃለሁ። ካልተወህ ቤዙን እኔ በግራ እጄ ኪቦርዱ ላይ እሠራዋለሁ። ለዚህ አንድ ዘፈን ብቻ ነው፣ ቅር እንዳይልህ።”

ምሰሶ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ትራምፔቱም ወደ ኪቦርዱ የገባው “ለአንድ ዘፈን ብቻ” ተብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ትራምፔት ነፊው የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ሲያገኙት ደህና ነኝ ይላል።

ጊታሩን መቆሚያው ላይ አስደግፎ ወጣ።

ሚስቱ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ከስቱዲዮው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። ቀኑ የክትባት ቀን ስለሆነ እናቶች ሕፃናቶቻቸውን ታቅፈው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። የክትባት ክፍሉ በር ክፍት ነው። ሚስቱ ካርድ ትጽፋለች።

“ምን ሆንክ?” አለችው ቀና ሳትል። በአረማመዱ አውቃዋለች።

“እጄ።”

“አሁንም?”

“አንድ ማደንዘዣ ውጊኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ይያዝልኝ።”

አሁን ቀና አለች። “ሐኪም ሳያዝ? ምንህን ነው የማደነዝዘው፣ እጅህን ወይስ ጭንቅላትህን?”

“እባክሽ። ሊወስዱብኝ ነው።”

“ምኑን?”

“ቤዙን።”

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

“እዚያ ጥግ ተቀመጥ። ሃያ ሁለት ሕፃን አለብኝ። ከአንተ ቀድመው ነው የመጡት።”

ለመቀመጥ ሲያልፍ በሩ አጠገብ ያለችው እናት ዞር አለችለት። “ሲስተር፣ እሳቸውም ክትባት ነው?”

“የእሳቸው ጊዜ አልፏል፣ እናቴ። እሳቸውን በጸሎት ነው።”

አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ምሰሶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ። የታመመ እጁን በደህናው ያዘ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል። ስትሠራ ግን አይቷት አያውቅም። ማታ የምትመጣው ሚስት እግሯ ያበጠ፣ መቀመጫ የምትፈልግ ሴት ናት። ይህችኛዋን አያውቃትም።

መርፌውን በሦስት ጣት ይዛዋለች፤ መያዝ ከተባለ። ጣቶቿ አልነጡም። የእጇ ጅማት አልተገተረም። በግራ እጇ የሕፃኑን ጭን ወጠር አደረገች። ቀኙ ሄዶ ተመለሰ። ያ ብቻ ነው። ሕፃኑ ጣራውን ያያል። መርፌው ወጥቶ፣ ጥጥ ተጭኖበት፣ እናቱ እግሩን መሸፈን ስትጀምር ነው ከንፈሩ የተንቀጠቀጠው። አንድ ነገር እንዳለፈበት ገባው፤ ምን እንደሆነ ግን አላገኘውም። ሁለት ጊዜ አለቀሰና ተወው።

ሁለተኛዋ መጣች። ሦስተኛው መጣ። እጇ ያው ነው። ምሰሶ ይቆጥር ነበር፤ ስምንት ሲደርስ መቁጠሩን ረሳው።

አንድ ወፍራም ሕፃን ገና ሲያያት ተቆጣ። እግሩን ገተረው፣ ረገጠ፣ እናቱን ሊጥላት ደረሰ። ምሰሶ አሁን አጥብቃ ትይዘዋለች ብሎ ጠበቀ። አልያዘችውም። መርፌ የያዘው እጇ አየር ላይ ቆመ። አልተንቀጠቀጠም፣ አልጠነከረም። ሥራ የሌለው እጅ ይመስል ነበር። “የት ነው የምትሄደው፣ ጌታዬ? መኪና አለህ?” አለችው ሕፃኑን። ሕፃኑ ድምፅዋን ሊሰማ እግሩን አላላ። እጇ ሄዶ ተመለሰ።

ምሰሶ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ አልገባውም። ኮፍያ የሚወለቅበት ቦታ የገባ መስሎት ነበር።

የመጨረሻዋ እናት ስትወጣ ሚስቱ እጇን ታጥባ መጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እጁን ሳትጠይቅ ወሰደችው። የአውራ ጣቱን ሥር ተጫነች።

“እህ!”

“እዚህ ነው። ጣትህ ይደነዝዛል? ሌሊት ከእንቅልፍህ ይቀሰቅስሃል?”

“የለም። ስጫወት ነው።”

“ከደነዘዘ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ። አልለምንህም፤ እጎትትሃለሁ። አሁን አሳየኝ። እንዴት ነው የምትይዛት?”

ፒኳን ከኪሱ አውጥቶ ያዘ። ሚስቱ ጫፏን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ሳብ አደረገች። አልመጣችም። በደንብ ሳበች። አልመጣችም።

“ማን ሊቀማህ ነው?”

“ካላጠበቅኳት ትወድቃለች።”

“ስታጠብቃትስ?”

ምሰሶ ምንጣፉን አሰበ።

“አንቺ እንዴት ነው የምትይዢው?” አላት። “መርፌውን። ስትወጊ።”

“እኔ ወግቼ አላውቅም” አለች። “‘ወጋችው’ የሚሉት እናቶቹ ናቸው። ሥራ ስጀምር እኔም ቃሉን አምኜ እወጋ ነበር። በሳምንቱ ክንዴ አልነሣ አለ። ልጆቹም ነጭ ልብሴን ሲያዩ ኡኡ ይሉ ነበር። አንዲት አሮጊት ነርስ ነበሩ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ ጠርተውኝ ‘ልጄ፣ ስሙ መውጋት ነው እንጂ ሥራው መውጋት አይደለም’ አሉኝ። መርፌው ስለቱን ይዞ ነው የተሠራው። የእኔ ፋንታ መንገዱን ማሳየት ነው።”

ካርዶቹን መሰብሰብ ጀመረች። በመሀል ቆም አለች።

“የእናንተንስ ምን ትሉታላችሁ?”

ምሰሶ ፒኳን አገላበጣት።

“መምታት” አለ። “ጊታር መምታት።”

ሚስቱ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርጋ አስተካከለቻቸው።

ሲመለስ ፒኳን በእጁ ይዞ ሄደ። ልትወድቅ እስክትደርስ ድረስ ጣቶቹን አላላ። ወደቀች። አነሣት። ጥቂት ሄዶ ደግሞ ወደቀች። አንድ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ቀና ብሎ አየውና ወደ ጋዜጣው ተመለሰ። በሁለተኛው መንገድ ላይ ግን ሳትወድቅ ተሻገረች። ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደሚበቃት ሲያስብ የስቱዲዮው ደረጃ ላይ ቆመ። ወረቀት ከመያዝ ያነሰ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ግን እንደ መዶሻ ጨብጧት ነበር።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሊቀመንበር ኪቦርዱን ከመስታወቱ ወዲያ አስገብቶ ገመዱን ሰክቶታል። ምሰሶ አየውና የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀ።

ጀመሩ። አላልቶ ያዘ፣ አላልቶ ነካ። አራት መስመር ጥሩ ሄደ። ከዚያ ከበሮው ገባና ዋጠው። የራሱን ድምፅ ሲያጣ እጁ ሳያማክረው መደብደብ ጀመረ። ሕመሙ ወዲያው መጣ።

ሙዚቃው ቆመ። ያቆመችው የድምፅ ባለሙያዋ ነበረች።

“ጋሼ ምሰሶ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ራስዎን ይሰማሉ?”

“ከበሮው ይበልጠኛል።”

“ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?”

ዘወር አለ። ዘፋኝ ነው ድምፅ ጨምሩልኝ የሚል። ቤዝ ተጫዋች እንዲህ ብሎ አያውቅም። እሱም ቢሆን ብሎ አያውቅም።

“ባልሰማ በርትቼ እመታለሁ” አላት።

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ ጫነች። “እኔ ደግሞ የድምፅ መለኪያው ቀይ እየነካ ሲያስቸግረኝ ነው የሰነበትኩት። እርስዎ ሲበረቱ እኔ ድምፅዎን እቀንሳለሁ። እኔ ስቀንስ እርስዎ ይበረታሉ!”

ከበሮ መቺው ዱላውን ጣለና በሳቅ ወደቀ። “ሁለታችሁ አንድ በር ይዛችሁ፣ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ስትገፉ ከርማችኋል!”

ምሰሶም በዚህኛው ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ትከሻው ዝቅ ብሎ አገኘው። ከመቼ ጀምሮ ከፍ ብሎ እንደነበር አያውቅም።

“ልጨምርልዎት ነው” አለች። “እርስዎ ሹክ ይበሉ። ጩኸቱን ለማሽኑ ይተዉት።”

ወፍራሙን ክር ነካው። መታው ማለት አይቻልም። ፒኳ በክሩ ላይ አለፈች፣ ሄደች።

ድምፁ መጣ። መጀመሪያ ጆሮው ውስጥ፣ ከዚያ ጡቱ ሥር፣ ከዚያ እግሩ የቆመበት ወለል ውስጥ። ሰላ ያለ ነበር፣ ሊቀመንበር እንደፈለገው። ግን ሌላም ነገር ነበረው። አልሞተም። ሲደበድበው ክሩ እንጨቱን እየገጨ ወዲያው ይሞት ነበር። አሁን ረጅም ጅራት አለው፤ እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ ሄዶ ሄዶ የት እንዳለቀ ሳይታወቅ ያልቃል። ምሰሶ እስኪያልቅ ጠበቀው። እንደገና ነካው፤ ያው ድምፅ መጣ። እጁን አየው። ያው የድሮው እጅ ነው፤ ጠባሳው አለ፣ የተሰበረው ጥፍር አለ። ይህ ሁሉ ከእሱ ወጣ ብሎ ማመን አቃተው። ክሩ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እሱ ነበር በላዩ ላይ የሚጮኸው።

“እንሂድ” አለ።

ሄዱ። የመጀመሪያው ግጥም አለፈ። አዝማቹ አለፈ። ፈጣኑ ቦታ፣ ሰባት ጊዜ የወደቀበት፣ መጣና አለፈ፤ ጣቶቹ ሲያልፉት ከሩቅ የሚያይ ሰው ሆኖ አያቸው። ከመስታወቱ ወዲያ ሊቀመንበር ከመቀመጫው ተነሥቷል። እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ ነበር፤ ቀስ ብሎ ፈታው። ከበሮ መቺው ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል።

ስምንት መስመር ሲቀር ከአውራ ጣቱ ሥር አንድ ቀጭን ነገር ተሰማው። ሕመም ለመባል አልደረሰም። የበር ኳኳታ ያህል ነው። ትናንት ቢሆን ጥርሱን ነክሶ ይጨርሰው ነበር። ዛሬ ጠዋትም ቢሆን።

ግራ እጁን ክሮቹ ላይ ጋደም አደረገ። ቤዙ ዝም አለ። ከዚያ ከበሮው።

“ምን ሆነ?” ሊቀመንበር ማይክሮፎኑ ላይ ተደፋ። “ምን ሆነ? ስምንት መስመር ነው እኮ የቀረው!”

“አውቃለሁ። እጄ ይረፍ።”

“አሁን? እንዲህ እየሄደልህ? ኋላ እንዲህ ላይመጣ ይችላል!”

“ላይመጣ ይችላል።”

“እስከዚህ ያለውን ይዤዋለሁ፣ ጋሼ” አለች ባለሙያዋ በቀስታ።

“ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው፣ ምሰሶ” አለ ሊቀመንበር። “ስምንት መስመር። ከፈለግክ እኔ በግራ እጄ...”

“ካልጠበቅከኝ አንተው ሥራው” አለ ምሰሶ። “እኔ አሥር ደቂቃ አርፋለሁ።”

ጊታሩን ከትከሻው አውርዶ አስደገፈው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ ጭኑ ላይ አኖረው፤ ጣቶቹ በራሳቸው ጊዜ ተከፈቱ።

ሊቀመንበር ሰዓቱን አየ። ከዚያ ኪቦርዱን አየ። ምሰሶ አንዱንም አላየም።