ከሽማግሌ ጋር የተላከ ዘፈን

ፍቅረኛዬ ቢያድግልኝ «ሽማግሌ እልካለሁ፣ እልካለሁ» እያለ ጸጉሬን ሊያሸብተው ምንም አልቀረው። በስንት ጭቅጭቅ ሲልክ ደግሞ ዘፈን ጨምሮ ላከ። የብራዚል ገጠር ዘፈን ነው፣ በአኮርዲዮን የሚዘፈን። ስልኩ ላይ አግኝቶት ቃሉ ሳይገባው ወደደው። ዘፋኙ እንዲህ የሚንሰፈሰፈው ለፍቅር ካልሆነ ለምን ይሆናል ብሎ አሳመነኝ፤ እኔም ሞኟ ስንቴ አልቅሼበታለሁ።

ሀርጌሳ ላይ ሽበት ያለው ያገር ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ሁሉም ለሥራ የመጣ ጎረምሳ ነው። ሁለት እንደምንም አገኘና ሦስተኛ አከራዩን ዓብዲወሊን ጨመረ። ዓብዲወሊ ጅጅጋ ያደገ፣ ብራዚል ሠርቶ የተመለሰ ሶማሌ ነው። ዘፈኑን እሱ ያስረዳልኛል አለ፤ አስቀድሞ ግን አላሰማውም። የኔ ሰው እንዲህ ነው።

26 ጁን የሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን አንድ ክፍል ነው። ያሳደጉኝ አጎቴ ጋሼ ዓለምብርሃን በወዲያ፣ እኔ ከመጋረጃው በወዲህ። ሲሚንቶ የነካ ጫማዎን ደጅ ያውልቁ፣ ሬዲዮውን ይቀንሱ እያልኩ ስጨቀጭቃቸው ነው የምውለው፤ ለጤናቸው ብዬ።

ሽማግሌዎቹ መጡ። ሁለቱ እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ዓብዲወሊ ቀድሞ ተቀምጧል። ልጅዎን ለልጃችን ካሉ በኋላ ዘፈኑን ከፈቱት። ዓብዲወሊ ሳቁ አመለጠው። ጋሼ ምን እንደሚል ጠየቁት፤ ሊሸሽ ቢሞክርም አልለቀቁትም።

«አንድ ባል አማቱን እየለመነ ነው» አለ። «ልጅሽን መልሰሽ ውሰጃት፣ አህያዬን ብቻ ተዪልኝ ይላል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ እንቢ ካሉ ነገሩ አለቀ፤ ሌላ ዘመድ የለኝም። ይህን ዕብድ ደግሞ እወደዋለሁ።

ጋሼ አማቲቱ ምን እንደመለሰች ጠየቁ።

«‹እኔ እስካሁን ችያታለሁ፣ ተራው ያንተ ነው› አለችው።»

ጋሼ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ቀን አትሰጥም፤ ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይባላል። ክብሯ ነው። እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ይህንኑ መልስ ስጠብቅ፣ ጋሼ ዓይናቸውን ጠራርገው ተነሡ።

«ሴትዮዋ እውነቷን ነው» አሉ። «ሰጥተናል። ልጁ ሐሳቡን ሳይለውጥ ቶሎ ደግሱ።»

ለወጉ እንኳ አንድ ቀን አላመላለሷቸውም።