መዥገር ፈላጊው

እህቴን ለትዳር የጠየቃትን ሰውዬ «አዛዡ» ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሎ ይዞራል፤ ሰው ውሃ ለመጠጣት ቆም ሲል እንኳ ይነፋል። በሥራው የአንድ ክፍል ኃላፊ ነው አሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። በእረፍቱ ደግሞ የእግር ተጓዦች ማኅበር መሪ ነው። ታናሼ «ከማኅበሩ የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ስንመለስ መልሱን እነግረዋለሁ» ስትለኝ ቀልቤ ተገፈፈ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከስፌት መኪናዬ እስከ ደጃፌ ካልሆነ በእግሬ የምሄድበት የለኝም። ቢሆንም ልጅቷ ዓይኔ እያየ ገደል ስትገባ ቤት አልቀመጥም ብዬ ተከተልኳቸው።

ገና ሳንነሳ ስለ ነፍሳት ትምህርት ሰጠን። ሽታው ትንኝ ያባርራል ያለውን የላስቲክ አምባር ለሁላችን አደለ። ረግረጉ ጋ ስንደርስ ትንኙ መጥቶ አምባሩ ላይ አረፈ፤ እዚያ ደከም ሲለው ወደ ክንዳችን ተሻገረ። አዛዡ ግን ምን ቸገረው፣ «መሥራት የሚጀምረው ሲሞቅ ነው» አለ። በላብ ተጠምቀን ነበር!

እኔ ሱሪዬን ካልሲዬ ውስጥ ከትቼ፣ ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ቅባት ተለቅልቄ እሄዳለሁ።

«እትዬ፣ ኳስ ሊጫወቱ ነው እንዴ?» አለኝ ካልሲዬን እያየ። ማኅበርተኞቹ ሳቁ። እህቴም ሳቀች፤ እሷ መሳቋ አንጀቴን አሳረረው።

አንድ ደህና ደንብ ነበረው፣ ያወጣውም ራሱ ነው። ማታ ድንኳን ከመግባታችን በፊት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ሰው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ መዥገር ይፈላለጋል። ሰው የራሱን ማጅራት አያይም፤ መዥገር ደግሞ የሚመርጠው የማይታየውን ቦታ ነው፤ ካልተነቀለ ትኩሳት ያመጣል። ይህን ሁሉ አሳምሮ ነገረን። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ራሱን ለእህቴ ሰጠ። እሷ ወረንጦዋን ይዛ ከጆሮው ጀርባ፣ ከፀጉሩ ሥር፣ ከአንገቱ እጥፋት እያገላበጠች ፈለገች። የእናቱ ልጅ እንኳ እንዲህ አታየውም። ተራው ሲደርስ ፀጉሯን በሁለት ጣት አነሳ፣ ለቀቀ። «ንጹህ ነሽ!» ፊሽካውን ነፋ።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት ከጆሮዋ ጀርባ ጠግቦ የተነፋ መዥገር አገኘሁ። በወረንጦ ከሥሩ ይዤ ነቀልኩትና መዳፌ ላይ አሳየኋት።

«ምን ያድርግ፣ ትናንት ትንሽ ነበር» አለችኝ።

«ጆሮሽ ግን ትናንትም እዚያው ነበር።»

አኮረፈችኝ። ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጎን ጎን ሄደች፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ከኋላ ተከተልኳቸው። ወደ ማምሻው ላይ ግን መጥታ «የስፌት ቦርሳሽን አውሺኝ፣ ሸሚዜ ቁልፍ ጎድሎታል» አለች። ሰጠኋት።

መፈላለጊያው ሰዓት ደረሰ። እንደ ትናንቱ እሷ እሱን አገላብጣ አየች። እሱ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻውን ስላባረረው የንብ መንጋ ለማኅበርተኞቹ እያወራ፣ ፊቱን ወደ እነሱ እንዳዞረ፣ ፀጉሯን አነሳና ለቀቀ። «ንጹህ ነሽ! እንደ ብርጭቆ!»

እህቴ ወደ ድንኳናችን መጣችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች።

«እስቲ አንቺ ደግሞ እዪኝ።»

ፀጉሯን አነሳሁ። ማጅራቷ መሃል ላይ፣ በቁስል ፕላስተር የተለጠፈ ትልቅ ጥቁር የኮት ቁልፍ ተቀምጧል። የእኔው ቁልፍ ነው፤ ለወፍራም የክረምት ካፖርት ያስቀመጥኩት፣ ከቦርሳው ሁሉ ትልቁ። ሳቄ አመለጠኝ።

«አለ?» አለች።

«አለ።»

«ወድቆ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«አልወደቀም፣ እታለም።»

ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ስትጀምር ሳቄን ዋጥኩት። ስመኘው የከረምኩት ነገር እጄ ገብቶ ደስ አላለኝም። ቆዳዋን እንዳያማት ፕላስተሩን ቀስ ብዬ ላጥኩላትና ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

በሦስተኛው ቀን አውቶቡስ መሳፈሪያው ጋ ስንደርስ አዛዡ ፊሽካውን ነፋና ሰዉን ሰበሰበ። መልሱን በሰው ፊት ሊሰማ አምሮታል! እህቴ ቀረብ አለችና ቁልፉን እጁ ላይ አኖረችለት።

ገለባብጦ አየው። «የማን ነው?»

«ትናንት ስታየኝ ማጅራቴ ላይ ነበር» አለችው፤ ቦርሳዋን አንስታ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች።

እኔም ተከትያት ገብቼ በመስኮት ቁልቁል አየሁት። አዛዡ የጃኬቱን ቁልፎች ከአንገቱ ጀምሮ አንድ በአንድ እየዳሰሰ ነው፤ በዚያ ሁሉ መንገድ አንድ ነገር አጥብቆ ሲፈልግ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አንድም አልጎደለበትም።