ውስኪ ያልነካው ብርጭቆ

ጡረታ የወጡት ዳኛ ውስኪ ላለመቅመስ ለባለቤታቸው የማሉት፣ በእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ ወንበር ላይ ቆመው በሙሽራው አባት ላይ ይግባኝ የማይባልበት የስድስት ወር እስራት ከፈረዱ በኋላ ነበር። መሐላቸውን አላፈረሱም። ይሁን እንጂ ስኳር፣ መራራ የቅመም ጠብታና የብርቱካን ልጣጭ የሚገባበት የቀድሞ የውስኪ ኮክቴላቸው ከልባቸው አልወጣም።

ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ልጃቸውን ለማግባት ደጅ ወደሚጠናው የሆቴል መጠጥ ቀማሚ ዘንድ ሄደው ክርናቸውን ባንኮኒው ላይ አሳረፉ።

«እኔ የማልሁት ስለ ውስኪ ነው፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ስለ ሩም የተባለ ነገር የለም። መሐላን ደግሞ ያላለውን አያስብሉትም። በሩም ሠርተህ ከውስኪው እንዳልለየው ካደረግህ፣ በልጄ ጉዳይ ከጎንህ እቆማለሁ።»

«ጋሼ፣ ወሳኟ እትዬ አይደሉም እንዴ?»

«እኔም ድምፅ አለኝ፤» አሉ ዳኛው፣ ራሳቸውም እምብዛም ሳያምኑበት።

ወጣቱ ጠቆር ያለውን ሩም ቀድቶ እንደ ወትሮው ስኳር ጨመረበት። ዳኛው ቀምሰው፣ «ይህ የሕፃን የሳል ሽሮፕ ነው፤» ብለው መለሱለት። ሩም ራሱ ከሸንኮራ የሚወጣ መሆኑን አስቦ በሁለተኛው ስኳሩን ተወው፤ ጣፋጭነቱ ቀነሰ፤ ውስኪ ከበርሜሉ የሚወርሰው አፍን ጭምድድ የሚያደርግ ምሬት ግን አልመጣም። በሦስተኛው እስኪጠቁር ከፈላ ሻይ አንድ ማንኪያ ጠብ አደረገበት፤ በትልቅ በረዶ ላይ በዝግታ አማሰለው፤ የብርቱካኑን ልጣጭ ከላዩ ጨመቀበት።

ዳኛው ጎንጨት አሉ። ፊታቸው ልውጥ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግኸኝ? ይህ ውስኪ ነው።»

«ሩም ነው ጋሼ። ጠርሙሱ ይኸው።»

«ጠርሙስ የሚሞላው ሰው ነው። መሐላዬን አስፈረስኸኝ። ልጄን እርሳት።»

ይህን ሲሉ፣ ከፀጉር ቤት ሲመለሱ በመስኮቱ ያዩአቸው ባለቤታቸው ከኋላቸው ቆመው ነበር። ብርጭቆውን አንስተው አሸተቱ።

«ውስኪ፤» አሉ።

«እትዬ፣ እፊትዎ ልሥራው፤» አለ ወጣቱ። የሩሙን ጠርሙስ አስሸተታቸው፤ የሚያደርገውን ሁሉ እየነገራቸው ሌላ ብርጭቆ ሠራ። ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ። ከዚያም ጨርሰው አስቀመጡት።

«ሩሙን ውስኪ አስመስል ብሎ ማን አዘዘህ?»

ወጣቱ ንጹሑን ባንኮኒ መወልወል ጀመረ። «ደንበኛ ያዘዘኝን አላወራም፣ እትዬ።»

«ልጄን የምትፈልገው አንተ፤ የምወስነው እኔ። አሁንስ?»

ወጣቱ መወልወሉን ቀጠለ። «አሁንም አላወራም።»

ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተከሳሹ እኔ ነኝ።»

«እሱንማ በሩን ሳልከፍት ነው ያወቅሁት፤» አሉ ባለቤታቸው። «ያላወቅሁት የዚህን ልጅ አፍ ነበር። በእኛ ቤት አፉን መያዝ የሚችል ወንድ ኖሮ አያውቅም።» ወደ ወጣቱ ዞሩ። «እሑድ ለምሳ ና። ሩሙን ይዘህ ና፤ ሻይ ከቤት አለ። መሐላው ግን ከዛሬ ጀምሮ ተሻሽሏል፤ ውስኪም፣ ውስኪ የሚመስለውም።»

«የተሻሻለ ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ አይሠራም፤» አሉ ዳኛው፣ ወደ ጀመሩት ብርጭቆ እጃቸውን እየዘረጉ።

ብርጭቆው ግን ቀድሞ በባለቤታቸው እጅ ገብቶ ነበር፤ እሱም እየጎደለ ነበር።