የሐሰት መርዶ

በሕይወት ያለውን ሰው ሞቷል ብሎ የሚያረዳ ከነፍሰ ገዳይ አያንስም፤ ገዳይ አንዱን ሲገድል እርሱ ግን የሚጠብቁትንም አብሮ ይቀብራልና።

«በሩ ክፍት ነው ተብሎ መንገደኛው ሁሉ ዘው ይላል እንዴ?» አለ የሟቹ ወንድም ሌቪ።

ማተሚያ ቤት የነበረው ናታን ከሞተ አራተኛ ቀኑ ነበር። በአምስተርዳም አይሁድ ዘንድ የለቅሶ ቤት አይዘጋም፤ እንግዳው ሳያንኳኳ ገብቶ፣ የሟች ልጅ ሮዜት ከተቀመጠችበት ዝቅተኛ በርጩማ ፊት ቆመ። ለቀስተኛ ሐዘንተኛው እስኪናገር ዝም ይላል፤ ይህ ግን ቀደማት።

«ሮዚ፣ ባረንድ ነኝ።»

ከመቀመጫዋ አልተነሣችም፤ ወንድሟን ካየችው ዓመታት አልፈዋል፣ የዚህን የከሳ ሰው ፊትም አላወቀችውም። ጦርነቱ ካበቃ ወዲህ ሁለት አጭበርባሪዎች የወንድሟን የባረንድን ወሬ ይዘናል እያሉ አባቷን አታለዋል። እርሷና አባቷ ከናዚዎች ሸሽተው ሃያ ሁለት ወር በአንድ ገበሬ ጎተራ ወለል ሥር ተደብቀው ሲኖሩ፣ ከላይ የሚራመደው ወዳጅ ይሁን ጠላት በኮቴው መለየትን ተምራለች። ከዚያ ወዲህ ከአባቷና ከአጎቷ ከሌቪ በቀር ያመነችው ሰው አልነበረም።

ዓይኗ የእንግዳው ካፖርት ላይ ዐረፈ። የአይሁድ ሐዘንተኛ ለአባቱ እንደሚያደርገው በግራ በኩል፣ በልቡ ላይ፣ ተቀድዷል። ቅዱ ግን የቆየ ነው፤ የተጠቃቀመበት ክር እንኳ ወይቧል።

«አባቴ የሞተው እሑድ ነው። ይህ የተቀደደው ለየትኛው አባትህ ነው?»

«ለአባታችን ነው። ሞቷል ተብዬ።»

ሌቪ ሳቀ። «ድንቅ ነው! የለቅሶ ልብሱን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የሚዞር ሌባ ዛሬ ገና አየሁ!»

ሐዘንተኛ የሚበላውን የተቀቀለ እንቁላል ያመጡት ጎረቤት፣ ወይዘሮ ቤትየ፣ ሳህናቸውን አስቀመጡ። «አንተ ደግሞ አፍህን ያዝ እስቲ! ልጄ፣ በቀኝ በኩልም እዪው።»

በቀኝ በኩል ሌላ ቅድ ነበር፤ ለእኅትና ለወንድም ሲሆን እንደሚፈቀደው ጠበቅ ተደርጎ ተሰፍቷል።

«ይሄስ?»

«ላንቺ ነው።»

ጥርጣሬዋ አልበረደም፤ ሐሰተኛም ሁለት ጊዜ መቅደድ ይችላል። «ማን አረዳህ?»

«አጎታችን። ከማጎሪያ ካምፕ ወጥቼ የተኛሁበት ሆስፒታል ድረስ መጥቶ። እኔ እጄን ማንሣት አቅቶኝ በምላጭ የቀደደልኝ እሱ ነው። ‹ሰዎች ጠቁመውባቸው አባትህና እኅትህ ተገደሉ፤ እዚህ አገር የሚጠብቅህ የለም› አለኝ። ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ወደብ ላይ ሸክም ስሸከም ኖርኩ። ባለፈው ወር አንድ መርከበኛ የናታን ማተሚያ ቤት ዛሬም ይሠራል ሲለኝ ነው የመጣሁት።»

«ውሸታም! ይህን ሰው በዓይኔ አይቼው አላውቅም!» ሌቪ ወደ ሮዜት ዞረ። «በተስቦ የቃዠ ሰው ምን የማይለው አለ?»

ሮዜት ቀስ ብላ ቀና አለች።

«ተስቦ መሆኑን ማን ነገረዎት አጎቴ? እሱ ሆስፒታል ብቻ ነው ያለው።»

ሌቪ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሸሸ። ያን ጊዜ አባቷ ትዝ አላት። ሌቪ የባረንድን መርዶ ባመጣ ዕለት አባቷ «በዓይንህ አይተኸዋል?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሌቪም ሦስቱንም ጊዜ «በዓይኔ» አለ። በወሩ አባቷ ወራሽ ወንድ ልጅ የለኝም ብሎ የማተሚያ ቤቱን እኩሌታ ለሌቪ ፈረመ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ ልጁን በስሙ አልጠራም።

ለባረንድ ከጎኗ ስፍራ ለቀቀችለት። አንድ እንቁላል ልጣ በመዳፉ ላይ አኖረች።

«ብላ። የአባታችን ለቅሶ ነው።»

 በልቶ እስኪጨርስ ድረስ የእጁን አንጓ ይዛለት ቆየች።

ሌቪ የወንድሙ ልጅ መሞቱን በዳኛ ፊት በሐሰት ምሎ ነበርና ሁለት ዓመት ታሰረ፤ የማተሚያ ቤቱም ድርሻ ተወሰደበት። ከእስር ወጥቶ ወደ ምኩራብ ሲመጣ የከለከለው አልነበረም። ነገር ግን ለጸሎት ዐሥር ወንዶች ሲፈለጉ፣ ከእርሱ ጋር ዐሥር ሞልተው ሳለ «ዘጠኝ ነን» ይሉና፣ ዐሥረኛ ሰው ፍለጋ ወደ መንገድ ይወጡ ነበር።