ለሌለ ቦኖ አንፈርምም

ለጢፋ ሸክላ ሠሪ ናት። ከአጋሮ ወጣ ብሎ፣ ከቡና ማሳዎቹ በታች ረግረጉ ዳር ባለችው ሰፈር ተወልዳ እዚያው ሃምሳ ዓመት ሞላት። የላይኛው መንደር ሰዎች ድስቷን ይገዛሉ፤ ቤቷ ገብተው ግን እህል አይቀምሱም። ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ንቀት ነው።

ባለፈው ዓመት የውሃ ፕሮጀክት መጥቶ ላይኛው መንደር ሁለት ቦኖ ተተከለለት። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ጄሪካን ይዘው ሲወጡ፣ "ቆዩ፣ መጀመሪያ እኛ እንቅዳ" እየተባሉ እስከ ቀትር ይቆማሉ። ስለዚህ ልጆቻቸው ያንኑ የረግረግ ውሃ ይጠጡ ነበር። የለጢፋ የልጅ ልጅ በተቅማጥ ሁለት ጊዜ ጤና ጣቢያ ተኝታለች።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነቢዩ የሚባል የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ቅጽና የማኅተም ቀለም ይዞ ወረደ። ሰፈርተኛው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ።

"ርክክብ ነው። አውራ ጣታችሁን እዚህ ላይ ብቻ" አለ።

ለጢፋ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። ወረቀቱን ተቀብላ ጮክ ብላ አነበበች፦ "ታችኛው ሰፈር፣ አንድ ቦኖ፣ ስልሳ ሁለት አባወራ ተጠቃሚ።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

"ልጄ፣ ቦኖው የታለ?"

"አዴ ለጢፋ፣ በሁለተኛው ዙር ይሠራላችኋል። ካልፈረማችሁ ግን ለሌላ ወረዳ ይሰጣል። እኔ ለእናንተው ብዬ ነው።"

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ኸይሩ ፈሩ። "ተይ ልጄ፣ ያለችንንም እንዳናጣ።"

"ምን አለንና ኦቦ? ያለን ረግረግ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አይቀማንም!" ወረቀቱን ለነቢዩ መለሰችለት። "ወላሂ አልፈርምም። ዛሬ ከፈረምኩ፣ ነገ ውሃ የለኝም ስል 'ጠጥተሻል' የሚል ወረቀት ታወጡብኛላችሁ።"

ሴቶቹ ተራ በተራ እጃቸውን ሻርፓቸው ውስጥ ሸሸጉ። በመጨረሻ ኦቦ ኸይሩም እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ነቢዩ ባዶውን ቅጽ ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ለጢፋ አሥራ አንድ ሴቶች አስከትላ ጅማ፣ የፕሮጀክቱ ቢሮ ገባች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባሉ። ሄርማታ በሚባለው የጅማ ሰፈር ዘመድ ቤት እያደሩ ሦስት ቀን ቢሮው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ወጣ፤ ቦኖው ለምን እንዳልተሠራ ጠየቁት።

"ቆፋሪ የለንም" አላቸው።

"ቧንቧውን ስጡን፤ ቦዩን እኛ እንቆፍራለን" አለች ለጢፋ።

ቧንቧው በወሩ መጣ። ቁፋሮው ላይኛው መንደር ሲደርስ፣ የቡና ማሳው ባለቤት ሙሐዲን መንገድ ዘጋ።

"የሸክላ ሠሪ እጅ መሬቴን አይነካም!"

ለጢፋ ፈርታ ነበር። ግን ቦዩ ውስጥ ገባች። "የምትበላበት ድስት የማን እጅ ነው የሠራው?" አለችውና ዶማዋን አነሳች። ሌሎቹ ሴቶችም ተከትለዋት ገቡ። ሙሐዲን ጥቂት ሲሳደብ ቆይቶ ሄደ።

አሁን ውሃው ታችኛው ሰፈር ይደርሳል፤ ያውም ጠዋት ጠዋት ለሦስት ሰዓት ብቻ። ሙሐዲን እስከ ዛሬ ሰላም አይላትም። እሷም ስለ ቀሪው ሰዓት ሌላ አቤቱታ እየጻፈች ነው።