የሞንቬል ጌታ እርፍ ጨበጠ

የሞንቬሉን ጌታ ኦብሪን ከሐሙስ ጀምሮ መቀመጫ ያሳጣው የመጥረቢያ ድምፅ ነው። ኃይለኛው ጎረቤቱ መስፍን ጎዝላን፣ የኦብሪ በሆነው ኮረብታ ላይ ምሽግ ሊተክል ግንድ ያስጠርባል። ምሽጉ ከቆመ ወንዙም፣ መሻገሪያውም፣ ኦብሪ ራሱም በመስፍኑ መዳፍ ገቡ ማለት ነው።

ኦብሪ ሰይፉን ይመዛል፣ ይመልሳል። ግንቡ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። በየሳምንቱ ከረቡዕ ማታ እስከ ሰኞ ንጋት የተዋጋ የተወገዘ ይሁን ብለው ሁለቱም በጳጳሱ ፊት በቅዱሳን አጽም ምለዋል። እንጨት መጥረብን ግን መሐላው አይከለክልም፤ ጎዝላንም ይህን ሳያውቅ አልማለም። እስከ ሰኞ ምሽጉ ይቆማል።

«ኧረ ደረጃውን ጨረስከው!» አለችው ሚስቱ ኤርሳንድ። «ለመሆኑ፣ አንነካም ብላችሁ የማላችሁት እነማንን ነበር?»

«ቄስ፣ መበለት... እርፍ የጨበጠ ገበሬ። ከነበሬው።»

«እስከ ሰኞ ብቻ?»

«እነሱማ ሁልጊዜም አይነኩም።» ቀጥ አለ። «ገበሬዎቹን ኮረብታውን እንዲያርሱ ልላካቸው?»

«ያን ሁሉ የጎዝላን ፈረሰኛ እያዩ? ፊት የሚቀድም ካላገኙ አይወጡም።»

«እኔ? እርፍ? አባቴ ከመቃብር ይነሣል!»

«ይነሣ፤ እኛም ሰው አንሶናል።»

ቅዳሜ ጠዋት ኦብሪ ኮረብታው ላይ ሲያርስ ታየ። ትልሙ እንደ እባብ ይጠማዘዛል፤ በሬዎቹ ጌትነቱን አላወቁለትም። ገበሬዎቹም ሳቃቸውን ውጠው፣ የየራሳቸውን በሬ ጠምደው ተከተሉት። የመስፍኑ ሰዎች ለምሰሶ ጉድጓድ ሊቆፍሩ ባሉበት ሁሉ በሬ ይመጣባቸዋል።

የመስፍኑ ሹም ፉልሼ ፈረሱን እየጋለበ ደረሰ። «ጌታ ኦብሪ! እራት ቸግሮዎት ነው?»

«ለአንተም ይተርፋል። ዞር በል፣ እርሻዬን ረግጠሃል!»

የፉልሼ እጅ ወደ ሰይፉ ሄደ። እርፉን አየ፣ ጳጳሱን አሰበ፣ እጁን መለሰ።

ሰኞ ሲነጋ የኦብሪ ፈረሰኞች ታጥቀው መጡ። «ጌታዬ፣ ዛሬ እኮ ተፈቅዷል!»

ኦብሪ ሰይፉን ናፈቀ። ግን እርፉን ከለቀቀ የሚጠብቀው መሐላም ይለቀዋል። «ሂዱ፣ በሬ አምጡ» አላቸው፣ ጥርሱን ነክሶ።

ረቡዕ የጎዝላን ጋሪዎች ግንዱን ጭነው ቁልቁል ወረዱ። ገበሬዎቹ እልል አሉ። ኦብሪ ግን ጋሪዎቹን በዓይኑ እየሸኘ፣ «ወንዙን እስኪሻገሩ አላምንም» ብሎ በሬዎቹን አዞረ።